ሲልደናፊል ምንድን ነው? ማን ነው መዋጥ የሌለበት?

ፋርማሲ ውስጥ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ የጥርስ ሳሙና ሲመርጥ የሚቆይ ወንድ አይታችሁ ይሆናል። ቤቱ ጭር ሲል ጠጋ ይልና በሹክሹክታ «ያቺን ነገር» ይላል። ባለሙያውም ይገባዋል። ሂሳብ ተከፍሎ ክኒኗ ኪስ ትገባለች። «የልብ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ከክኒኗ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ይሄ ጥድፊያ ነው።

«ያቺ ነገር» ሲልደናፊል ናት። አብዛኛው ሰው የሚያውቃት ቫያግራ በሚለው የመጀመሪያ የንግድ ስሟ ነው። ለስንፈተ ወሲብ በሐኪም ማዘዣ የምትሰጥ መድኃኒት ናት። ስንፈተ ወሲብ ስንል ብልት ለግንኙነት በሚበቃ መጠን አለመቆሙ፣ ወይም ቆሞ አለመቆየቱ ሲደጋገም ነው። አንድ ምሽት ደክሞት ወይም ሞቅ ብሎት ያልሆነለት ሰው በሽተኛ አይባልም።

መጀመሪያ የታሰበችው ለሌላ ነበር። የፋይዘር ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር፣ ሳንድዊች ከተማ ውስጥ የሞከሯት የልብ የደም ሥር ሲጠብ ለሚመጣው የደረት ሕመም ነው። ለልቡ ያን ያህል አልረዳችም። ሙከራው ላይ የነበሩ ወንዶች ግን ያልተጠበቀ ነገር ተናገሩ። በመጋቢት 1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለስንፈተ ወሲብ ፈቀደቻት። ይህን ያነሳሁት ለወሬ ማሟያ አይደለም። ክኒኗ የደም ሥር መድኃኒት ናት፤ አደጋዋም የሚመጣው በዚያው በኩል ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ወንድ ስሜቱ ሲነሳሳ ብልቱ ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቀቃል። እሱም ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባል ንጥረ ነገር እንዲመረት ያደርጋል፤ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ደም ይሞላል። ይህን ንጥረ ነገር ደግሞ ፒዲኢ-5 የተባለ ኢንዛይም ይሰባብረዋል። ሲልደናፊል የምታግደው ኢንዛይሙን ነው። ሳይክሊክ ጂኤምፒን በገንዳ ውስጥ ያለ ውሃ አድርጋችሁ አስቡት። ክኒኗ የገንዳውን መውጫ ትደፍናለች እንጂ ቧንቧውን አትከፍትም። ቧንቧውን የሚከፍተው ስሜት ነው። ስለዚህ ፍላጎት የሌለውን ሰው ፍላጎት አትሰጠውም፤ ውጦ ቴሌቪዥን እያየ ለሚጠብቅም ምንም አታደርግለትም።

አሁን ናይትሬት የሚባሉትን የልብ መድኃኒቶች እንጨምር። ከምላስ ሥር የምትደረገው ናይትሮግሊሰሪን እና አይሶሶርባይድ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እነሱ ቧንቧውን ወለል አድርገው ይከፍቱታል፣ ያውም በመላ ሰውነት። መውጫው ደግሞ ተደፍኗል። የደም ግፊት በአንዴ ያሽቆለቁላል፤ ሰው ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ናይትሬት የሚወስድ ሰው ሲልደናፊልን ጨርሶ አይወስድም። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

ይህን ደግሞ ያዙልኝ። ሲልደናፊል የዋጠ ሰው ደረቱን ቢያመው ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ መቼ እንደዋጠም አፉን ሞልቶ ይናገር። ሐኪሞች ከሲልደናፊል በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ከምትሠራው እህቷ ከታዳላፊል በኋላ ደግሞ 48 ሰዓት ናይትሬት አይሰጡም። ሚስት አጠገብ ቆማለች ተብሎ የሚዋሽበት ቦታ አይደለም።

ለሐኪም መነገር ያለበት ሌላም አለ። ለፕሮስቴት የሚሰጡት ታምሱሎሲንና ዶክሳዞሲን ግፊት ስለሚያወርዱ መጠኑ በጥንቃቄ ይጀመራል። ከኤችአይቪ መድኃኒቶች መካከል ሪቶናቪር ሲልደናፊልን ደም ውስጥ በብዙ እጥፍ ያከማቻታል፤ እሱን የሚወስድ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከ25 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ የገጠመው ሰው ደግሞ መጀመሪያ ልቡ ግንኙነቱን ራሱን ይችል እንደሆነ መታየት አለበት።

አወሳሰዷ ከባድ አይደለም። የተለመደው መነሻ 50 ሚሊግራም ነው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆነ፣ ጉበት ወይም ኩላሊት ለሚያማቸው በ25 ይጀመራል። ጣሪያው 100 ነው፣ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይዋጥም። ከግንኙነቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይወሰዳል። ክትፎ በልቶ፣ በላዩ ቢራ ደራርቦ «አልሠራችም» ማለት ግን አያዋጣም፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ያዘገያታል፣ መጠጥም በራሱ ያሰንፋል። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚያንር ለልብ ሕመምተኛ ሌላ ሸክም ነው። ታዳላፊል በምግብ አይበገርም፤ ውጤቱም እስከ 36 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ የአፍንጫ መታፈንና የሆድ መረበሽ የተለመዱ ናቸው። አንዳንዱ ለጥቂት ሰዓታት ነገሩ ሁሉ ሰማያዊ ይልበታል። ብልት ከ4 ሰዓት በላይ ቆሞ ከቀረ፣ ወይም ዓይን ማየት ወይም ጆሮ መስማት በድንገት ካቆመ ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው። የመጀመሪያው ያስቃል፤ ሳይታከም ሲቀር ግን ብልትን ለዘለቄታው ይጎዳል።

ማዘዣው ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ፣ ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፦ የብልት የደም ሥሮች ከልብ የደም ሥሮች ይጠባሉ። ስለዚህ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል ወይም ሲጋራ የሚያደርሱት ጉዳት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ስኳሩን ሳይለካ ክኒን እየገዛ የሚኖር ሰው ምልክቱን እያጠፋ በሽታውን ያሳድጋል። አንዳንድ የግፊትና የድብርት መድኃኒቶችም ችግሩን ያመጣሉ፤ ሐኪም ይቀይራቸዋል እንጂ በራስ ሥልጣን አይቋረጡም። ጠዋት ጠዋት በደንብ እየቆመለት ከሴት ጋር ሲሆን ብቻ የሚያቅተው ወጣት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው በጭንቀት ነው።

«የተፈጥሮ ነው» እየተባሉ የሚሸጡት የወንድ ማሮችና ዱቄቶችስ? የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ማሮችን ሲመረምር በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሲልደናፊልና ታዳላፊል አግኝቶ ሻጮቹን አስጠንቅቋል። መጠኑ ስንት እንደሆነ ገዢው አያውቅም። ናይትሬት የሚወስድ ሰው ይህን ማር ቢልስና ድንገተኛ ክፍል ገብቶ «ምን ወሰድክ?» ቢባል፣ ከልቡ «ምንም» ነው የሚለው።