ቮካሎይድ ምንድን ነው?

እኛ ሚሊኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ ስንል፣ በዓሉ 12 ቀን ሲቀረው፣ ጃፓን ውስጥ አንዲት ዘፋኝ ገበያ ላይ ዋለች። «ካሴቷ ወጣ» ማለቴ አይደለም። የተሸጠችው ራሷ ናት፤ በዲስክ ተቀድታ፣ በካርቶን ታሽጋ። ስሟ ሃትሱኔ ሚኩ ይባላል። ዕድሜዋ 16፣ ቁመቷ 158 ሳንቲ ሜትር። ለሁለት የታሰረው ሰማያዊና አረንጓዴ የቀላቀለ ጸጉሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይወርዳል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ቀን አላረጀችም።

ቮካሎይድ ሚኩን የሚያዘፍናት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የሠራው ያማሃ ነው፤ አዎ፣ ያው በኪቦርዱ የምናውቀው ያማሃ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠው በ2004 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዜማውን በኖታ ትደረድራላችሁ፣ በየኖታው ላይ ግጥሙን ትጽፋላችሁ፣ እሱ ይዘፍንላችኋል።

እንዴት? የፊደል ገበታችንን አስቡ። የጃፓን ካናም እንደኛ ፊደል ነው፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ይይዛል። ድምፅዋን ለሚኩ ያዋሰችው ሳኪ ፉጂታ የተባለች የድምፅ ተዋናይት ስቱዲዮ ገብታ የቀዳችው ዘፈን አይደለም። ትርጉም የሌላቸው ቁርጥራጭ ድምፆችን ነው፤ አንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚሰማውን ሁሉ፣ በተለያየ ቃና። ፕሮግራሙ እነዚህን ቁርጥራጮች እንደ ልብስ ሰፊ ይገጣጥማቸዋል። ስለዚህ «ኤአይ ዘፈን ሠራ» ከሚባለው ጋር አታምታቱት። አዳዲሶቹ እትሞች ድምፁን ለማሳመር ኤአይ ይጠቀማሉ፤ ዜማና ግጥሙ ግን የሰው ነው። ሚኩ ዘፋኝ ከምትባል እንደ ክራር ያለች የሙዚቃ መሣሪያ ብትባል ይቀላል። ክራር ደግሞ በማንም እጅ ይገባል።

የዝናዋም ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ሚኩን ያወጣው ሳፖሮ ከተማ ያለው ክሪፕተን ፊውቸር ሚዲያ ከእሷ በፊትም ሜይኮና ካይቶ የሚባሉ ድምፆችን ሸጧል። እንደ ሚኩ አገር ያዳረሰ ግን አልነበረም። በ2007 ኒኮ ኒኮ ዶጋ የሚባል የቪዲዮ ገጽ ገና መሟሟቁ ነበር፤ የተመልካቹ አስተያየት በቪዲዮው ላይ እየተንሳፈፈ የሚያልፍበት። ቤቱ ቁጭ ብሎ ዜማ የሚሠራ፣ ዘፋኝ ግን የሌለው ወጣት ድንገት ዘፋኝ አገኘ። ዘፈኑን ሲለቅ የማያውቀው ሰው ሥዕል ይሥልለታል። ሌላው ሥዕሉን ያንቀሳቅሰዋል። አንዷ ትጨፍርበታለች፣ ሌላው በገዛ ድምፁ ይዘፍነዋል። ሚኩ በወጣች በቀናት ውስጥ አንዱ ፖልካ የሚባል ፈጣን የፊንላንድ የጭፈራ ዘፈን አዘፈናት፤ ሌላው በሥዕል ባሮ ሽንኩርት በእጇ አስያዛት። ቀልድ ነበር። ባሮው ግን እስከ ዛሬ መለያዋ ሆኖ ቀረ።

ሌላ ድርጅት ቢሆን ጠበቃ ይልክ ነበር። ክሪፕተን ግን ለትርፍ እስካልሆነ ድረስ በምስሏ ተጫወቱ ብሎ ፈቀደ፤ ሥራቸውን የሚለዋወጡበት ገጽም ከፈተላቸው። በእኔ ግምት ከሶፍትዌሩ ይልቅ ይህ ነው ያነገሣት።

ዘፈኖቹን የሚሠሩት ሰዎች «ፒ» ይባላሉ፤ ፕሮዲውሰር ለማለት ነው። ዛሬ በጃፓን ገናና የሆነው ዘፋኝ ኬንሺ ዮኔዙ በዚያ ዘመን «ሃቺ» በሚል ስም ለሚኩ ይጽፍ ነበር። ዮአሶቢ የሚባለው ታዋቂ የጃፓን የሙዚቃ ጥንድ አባል አያሴም የመጣው ከዚያው ሰፈር ነው። ሚኩ ትንፋሽ አያጥራትም፤ እነሱም ይህን አውቀው ሰው ሊዘፍነው የሚከብድ ፍጥነት ያሸክሟታል። መጀመሪያ ስትሰሟት ጆሯችሁ እሺ ላይል ይችላል፤ ቀጭንና አፍንጫ አፍንጫ የሚል ድምፅ ነው። ሦስት አራት ዘፈን ታገሷት።

ኮንሰርትም አላት። በ2014 የሌዲ ጋጋን መድረክ ከፍታለች። ሰው ሆሎግራም ይለዋል እንጂ አይደለም፤ ብርሃን አሳላፊ በሆነ ስክሪን ላይ የሚወረወር ምስል ነው። ከኋላዋ ያለው ባንድ ግን ሥጋና ደም ያለው፣ ላብ የሚያልበው ነው። በ2024 ሰሜን አሜሪካ ስትዞር ያ ስክሪን ቀርቶ በተራ ኤልኢዲ ስክሪን ብትቀርብ አድናቂዎቹ በጣም ተቆጡ። ሰው አለመሆኗን አንዳቸውም አልዘነጉትም። ያበሳጫቸው ብር ከፍለው ሄደው «በአካል» አለመምጣቷ ነው።