ነታንያ፦ ገደል ላይ የተቀመጠች የባህር ዳር ከተማ

ነታንያ የምትገኘው በእስራኤል፣ ከቴል አቪቭ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ነው። ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ አላት። በቤተ እስራኤል ብዛት ከአገሪቱ ቀዳሚ ከተሞች አንዷ ናት። መሀል ከተማ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም፤ የጤፍ እንጀራም አይጠፋም።

የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ስሟ የመጣው ናታን ስትራውስ ከተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ ነው። መሥራቾቹ ገንዘብ ይሰጠናል ብለው አሜሪካ ድረስ ሄደው ነበር ይባላል። ሰውየው ግን ሀብቱን ቀድሞ ለበጎ አድራጎት አከፋፍሎት ኖሮ ብዙም አልቀናቸውም። ስሙን ግን ሰጧት። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብርቱካን ተከሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ክሊፍ ሆሊዴይ የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት የመዝናኛ ከተማ አድርጎ ነደፋት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከቤልጂየም የመጡ ስደተኞች የአልማዝ ሙያ ይዘውላት መጡ። አጠገቧ የነበረችው ኡም ኻሊድ የምትባል የአረብ መንደር እ.ኤ.አ. በ1948 ባዶ ቀርታለች፤ ነገሩ እንደ ተራኪው ይለያያል። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ስደተኛ ስትቀበል፣ ስትሰፋ ኖረች።

ነታንያን ነታንያ ያደረጋት ገደሉ ነው። ከተማዋ ኩርካር በሚባል የአሸዋ ድንጋይ ላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ አሸዋው ከሥር ነው። ወደ ሲሮኒት ዳርቻ በመስታወት ሊፍት ይወረዳል። ጉልበት ላለው ደረጃም አለ። ማታ ማታ ገደሉ አናት ላይ ባለው መንገድ ቤተሰብ ሁሉ ይወጣል። ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ትልልቆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ሱፍ እየፈለቀቁ ይጫወታሉ፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ባህሩ ውስጥ ትገባለች። ለዚህ ደግሞ ማንም ገንዘብ አይጠይቅም። ገደሉ ግን በማዕበልና በዝናብ ይሸረሸራል፤ የታጠረ ቦታ ካዩ አይዝለሉት።

ለመዋኘት ባንዲራውን ማየት ነው። ነጭ ከሆነ ይግቡ፣ ቀይ ከሆነ ይጠንቀቁ፣ ጥቁር ከሆነ እግርዎንም አያስነኩ። በሰኔና በሐምሌ ጄሊፊሽ ይመጣል፤ የነካው ቆዳ ክፉኛ ያቃጥላል። ኪርያት ሳንዝ የተባለው ሰፈር አጠገብ ለሃይማኖተኞች ሲባል ወንድና ሴት ለየብቻ የሚዋኙበት ዳርቻ አለ።

የአገሩ ክረምት፣ ማለትም የብርዱ ወቅት፣ እሱም አይናቅም። በየካቲት ገደማ በደቡብ በኩል ባለው ጥብቅ ሥፍራ ጥቁር ሐምራዊ አይሪስ ያብባል። እዚያው አቅጣጫ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዊንጌት የተባለው የስፖርት ተቋም ይገኛል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1941 ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር አዲስ አበባ ከገባው እንግሊዛዊ መኮንን ከኦርድ ዊንጌት ነው፤ የአዲስ አበባው ዊንጌት ትምህርት ቤትም በእሱ ስም ነው የተሰየመው።

በባቡር የሚመጣ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ጣቢያው በምሥራቅ ነው፣ ባህሩ በምዕራብ። አውቶቡስ ያስፈልጋል። ሰንበት፣ ማለትም ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ፣ ከሆነ ግን ባቡር የለም፤ አውቶቡስም እምብዛም ነው። በታክሲ ወይም በእግር ነው።