ሁለቱም ቁልፎች አሉ? በኔዘርላንድስ ብስክሌት መቆለፍና መድን መግባት

ኔዘርላንድስ ውስጥ ብስክሌት የተሰረቀበት ሰው መድን ድርጅቱ ጋ ሲደውል ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ሁለቱም ቁልፎች አሉ? ከመቆለፊያው ጋር አብረው የተሸጡት ሁለት ቁልፎች ማለት ነው። አንዱ ጠፍቶብኛል ካለ ነገር ተበላሸ። ዓረቦኑን በየወሩ ሳያጓድል ቢከፍልም ካሳውን ላያገኝ ይችላል።

አገሩ 18 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አለው። ብስክሌቱ ግን ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል። ለሥራ አንድ፣ ለባቡር ጣቢያ ደግሞ የማያሳዝን አሮጌ ያለው ሰው ብዙ ነው። ብስክሌት እንዲህ በሞላበት አገር ሌባውም አይጠፋም። አምስተርዳም ውስጥ ሱሰኞች ድልድይ ላይ ቆመው የተሰረቀ ብስክሌት በጥቂት ጊልደር (ከዩሮ በፊት የነበረው የአገሩ ገንዘብ) የሚሸጡበት ዘመን ነበር። ዛሬ የሌባው ዓይን ያረፈው በኤሌክትሪክ ብስክሌቱ ላይ ነው። አንዱ ብቻውን ሁለት ሦስት ሺህ ዩሮ ያወጣል።

የሆላንድ ብስክሌት መለያው ቀለበት መቆለፊያው ነው። ከኮርቻው ዝቅ ብሎ፣ የኋላውን ጎማ አቅፎ የተቀመጠ ብረት ነው። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ እጀታ ወደ ታች ሲጫኗት ብረቱ በጎማው ሽቦዎች መሃል አልፎ ቀጭ ይላል። ቁልፉ የሚወጣው ያኔ ነው። ክፍት እስካለ ድረስ አብዛኛዎቹ ቁልፋቸውን አይለቁም፣ ሰውየው ሲነዳ ቁልፉ እዚያው ተሰክቶ ይንጠለጠላል። የመድን ድርጅቱ ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው። ሳይቆልፍ ዳቦ ሊገዛ የገባ ሰው ቁልፉን ከብስክሌቱ ጋር አብሮ ነው የሚያጣው። ሁለቱንም ቁልፎች ያመጣ ግን ቆልፎ ሄዷል ማለት ነው። ማስረጃው ኪሱ ውስጥ ነው፣ ምስክር አያስፈልገውም። ይህን ያሰበ ሰው ጮሌ ነው።

ቀለበቱ አንድ ድክመት አለበት። ጎማው እንዳይዞር ያደርጋል እንጂ ብስክሌቱ እንዳይነሳ አያደርግም። ሁለት ጎረምሶችና አንድ የጭነት መኪና ካሉ ተሸክሞ መሄድ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ መቆለፊያ ይጨመራል። ይህ ሰንሰለት ወይም የዩ ቅርጽ ያለው ወፍራም ብረት ነው። አንዳንዱ ሰንሰለት ጫፉ እዚያው ቀለበቱ ውስጥ ይሰካና በአንድ ቁልፍ ሁለቱም ይዘጋሉ።

ሰንሰለቱን የትም መጠምጠም መቆለፍ አይደለም። የፊት ጎማውን ብቻ ከብረት ጋር ያሰረ ሰው ሲመለስ ጎማውን ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ሰንሰለቱ በፍሬሙ ውስጥ አልፎ ከማይነቀል ነገር ጋር መታሰር አለበት። መሬት ላይም መተኛት የለበትም። መሬት ላይ ከተኛ ሌባው የመቁረጫውን አንድ እጀታ አስፋልቱ ላይ አስደግፎ በሰውነቱ ክብደት ይጫነዋል። የቁልፉ ቀዳዳ ወደ ታች ቢዞር ደግሞ ዝናብም አይገባበትም፣ ለመጎርጎርም አይመችም። ቀጭኑ የሽቦ ገመድ መቆለፊያ ግን ለልብ ማረፊያ ካልሆነ በቀር አይረባም። በእጅ መቁረጫ የሰከንዶች ሥራ ነው።

የትኛው መቆለፊያ ጠንካራ እንደሆነ ገዢው በዓይኑ መለየት ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የሆነው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክብ ቁልፍ ያላቸው የክሪፕቶናይት መቆለፊያዎች በተራ የእስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈቱ በቪዲዮ ታየ። ብረቱ ወፍራም፣ ዋጋው ውድ፣ ስሙም የተከበረ ነበር። ኩባንያው መቆለፊያዎቹን በአዲስ ለመቀየር ተገደደ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ይህን የሚመዝነው አርት የሚባል ድርጅት ነው። መቆለፊያውን አስቆርጦ፣ አስጎርጉሮ፣ አስመትቶ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጠዋል። የብስክሌት መድን ድርጅቶች በአብዛኛው ቢያንስ 2 ኮከብ ይጠይቃሉ። ብሪታንያም ሶልድ ሴኪዩር የሚባል የራሷ መዛኝ አላት፣ ደረጃው ከነሐስ ተነስቶ አልማዝ ይደርሳል። በባትሪ የሚሠራ ግራይንደር ይዞ ለመጣ ሌባ ግን አብዛኛው መቆለፊያ ዞሮ ዞሮ ይቆረጣል። በጥሩ መቆለፊያ የሚገዛው ጊዜና ጫጫታ ነው። ሌባ ሁለቱንም አይወድም፣ አጠገቡ የቆመው ደካማ መቆለፊያ ይቀለዋል።

ወደ መድኑ ስንመለስ፣ ቤት ውስጥ ወይም ከተዘጋ መጋዘን ተሰብሮ የተወሰደን ብስክሌት ብዙ ጊዜ የቤት ዕቃ መድን ይሸፍነዋል። መንገድ ላይ ለቆመው ግን የራሱ የብስክሌት መድን ያስፈልጋል። ውሉ በአብዛኛው ለጥቂት ዓመታት የሚገባ ነው። ድርጅቱ የሚፈልጋቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ የግዢ ደረሰኝ፣ ፍሬሙ ላይ የተቀረጸው ቁጥር፣ ኮከብ ያለው መቆለፊያ፣ ለፖሊስ የቀረበ አቤቱታ፣ እና እነዚያ ሁለት ቁልፎች። አቤቱታው በኢንተርኔት ይሞላል። ለውድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት አንዳንዶቹ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ እንዲገጠምለትም ያስገድዳሉ። ካሳው ብስክሌቱ እያረጀ ሲሄድ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ መቶ ዩሮ ለማያወጣ አሮጌ ብስክሌት መድን መግባት ለእኔ ትርጉም የለውም። ያንን ገንዘብ ለሰንሰለት ማዋል ይሻላል። ሰንሰለቱን ደግሞ ከስርቆቱ በፊት መግዛት ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

ከመደበኛው መድን ሌላም መንገድ ተሞክሯል። በ2014 ዴልፍት ከተማ የተጀመረው ስዋፕፊትስ ብስክሌት በወር ክፍያ ያከራያል። የፊት ጎማው ሰማያዊ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ሲሰረቅ ደንበኛው ቁልፉን ይዞ ይመጣል፣ የተወሰነ ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ይሰጠዋል። እዚህም ቁልፉ ነው የሚታየው። ቫንሙፍ የሚባለው ብስክሌት አምራች ደግሞ ለኤሌክትሪክ ብስክሌቶቹ ዋስትና ይሸጥ ነበር። የራሱ አዳኞች የተሰረቀውን ፈልገው ያመጣሉ፣ በሁለት ሳምንት ካልተገኘ ይተካል። ኩባንያው በሐምሌ 2023 ከሰረ። አምራቹ ራሱ የሰጠው ዋስትና ዕድሜው የአምራቹን ያህል ነው።

ሳይቆለፍ የሚሠራ ብስክሌትም ታስቦ ያውቃል። በ1965 ፕሮቮ የሚባሉት የአምስተርዳም ወጣቶች ብስክሌቶችን ነጭ ቀለም ቀብተው፣ ማንም ነድቶ ለሚቀጥለው ይተውላቸው ብለው መንገድ ላይ አቆሟቸው። ፖሊስ ወሰዳቸው። ያልተቆለፈ ብስክሌት ሌባ ይጋብዛል ተባለ። ልጆቹም በቁጥር የሚከፈት መቆለፊያ ገጠሙና ቁጥሩን ብስክሌቱ ላይ ጻፉት።

መንግሥት አሁን የሚተማመነው በጥበቃ ነው። ዩትሬክት ባቡር ጣቢያ ሥር ያለው ማቆሚያ 12,500 ብስክሌት ይይዛል፣ በ2019 ነው የተጠናቀቀው። የመጀመሪያው 24 ሰዓት በነጻ ነው። አምስተርዳም በ2023 ከዋናው ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ውሃ ሥር፣ 7,000 የሚያቆም ከፈተች። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ብስክሌት ሲነዳ ላደገ ሰው ይህ ግር ይላል። እዚያ ለባለ ሱቁ «እስቲ ዓይንህን ጣል አድርግበት» ብሎ መግባት ነበር።

ከሰው እጅ ርካሽ ብስክሌት ለመግዛት የሚያስብ፣ በተለይ አገሩ አዲስ የሆነበት፣ አንድ ነገር ይወቅ። የተሰረቀ መግዛት ራሱ ወንጀል ነው። አላወቅሁም ማለት ሁልጊዜ አያድንም። ዋጋው ከመጠን በላይ ወርዶ ሳለ ሊጠረጥር ይገባው ነበር ከተባለም ያስጠይቃል። የፍሬሙን ቁጥር በተሰረቁ ብስክሌቶች መዝገብ ላይ በስልክ ማየት ይቻላል፣ ከደቂቃ አይበልጥም። ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ ከሆነ ማየትም አያስፈልግም፣ ጥሎ መሄድ ነው።

አምስተርዳም ላይ ደግሞ የጠፋ ሁሉ አልተሰረቀም። አንዳንዱ ቦይ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ከ10 ሺህ በላይ ብስክሌት ከውሃ በመንጠቆ ይወጣል። አንዳንዱን ያነሳው ራሱ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በማይፈቀድ ቦታ የቆመውን ሠራተኞቹ ሰንሰለቱን ቆርጠው በመኪና ጭነው ወደ መጋዘን ይወስዱታል። ስለዚህ ፖሊስ ጋ ከመሄድ በፊት መጋዘኑን መጠየቅ ይሻላል። ሲሄዱ መታወቂያና ክፍያ ያስፈልጋል። ቁልፉንም መያዝ ነው፣ የማን እንደሆነ የሚለየው ቀለበቱን ሲከፍት ነው።