«ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ትናገራላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡ የተሳሳቱ ትርጉሞችና እውነታው

ኖብልስ ካውንቲ (ካውንቲ ወረዳ እንደ ማለት ነው) አሜሪካ፣ ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ውስጥ የሚገኝ የበቆሎና የአኩሪ አተር አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ የሕዝቡ ብዛት 22,290 ነበር። ከተማው ወርዚንግተን ትልቅ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ስላለው ከብዙ አገር ሠራተኛ መጥቶበታል፤ ከመጡትም የእኛ አገር ሰዎች አሉበት። እንዲህ ባሉ ካውንቲዎች ለሚኖሩ ወገኖቼ ይህ የቋንቋ ጥያቄ ያለበትን የቆጠራ ቢሮ ፎርም ሲሞሉ ሳግዝ የምሰማቸው ስህተቶች ያሳስቡኛል።

«አማርኛ ብዬ ከጻፍኩ እንግሊዝኛ አይችልም እባላለሁ።»
አይባሉም። የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ በየዓመቱ በሚልከው መጠይቅ ላይ ጥያቄዎቹ ለየብቻ ናቸው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ የሚናገሩትን ቋንቋ፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛዎ ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቃል። አማርኛ ብሎ ጽፎ «በጣም በደንብ» ላይ ምልክት ማድረግ ይቻላል። የግል መልስዎን ለኢሚግሬሽን አሳልፎ መስጠትም በሕግ የተከለከለ ነው።

«‹በደንብ› ካልኩ ቋንቋውን ከሚችሉት ጋር እቆጠራለሁ።»
ብዙ ሰው የሚስተው ይሄን ነው። ምርጫዎቹ አራት ናቸው፦ በጣም በደንብ፣ በደንብ፣ በደንብ አይደለም፣ ጨርሶ አልችልም። ፈታኝ የለም፤ ሰው ራሱን ነው የሚመዝነው። በስሌቱ ግን ከ«በጣም በደንብ» በታች የመለሰ ሁሉ እንግሊዝኛው ውስን ነው ተብሎ አንድ ላይ ይደመራል። ብዙው የእኛ ሰው ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ተምሯል፤ ፎርሙን ማንም ሳያግዘው ያነባል፤ ስለዚህ «በጣም በደንብ» ማለት ይቀናዋል። አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነርሷ በስልክ የመድኃኒት አወሳሰድ ስትነግራቸው «የስ፣ የስ» ብለው ዘጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ ያለችኝ?» አሉኝ። ሲሞሉ ያን ስልክ ያስቡ እንጂ ዲፕሎማዎን አይደለም።

«ገጠር ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ስደተኛ ብቻ ነው።»
ኦሃዮ ውስጥ ሆምስ ካውንቲን ይመልከቱ። ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ አሚሽ የሚባለው የክርስትና ማኅበረሰብ አባል ነው። አሜሪካ ተወልደው ያደጉ፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸውም እዚያው የተወለዱ ገበሬዎች ናቸው። ቤታቸው ግን ፔንሲልቬንያ ደች የሚባለውን የጀርመንኛ ዘዬ ይናገራሉ። ልጆቻቸው እንግሊዝኛን በአብዛኛው የሚማሩት ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው፤ ይለምዱታልም። «እንግሊዝኛው እንዳይበላሽበት» ብላችሁ ከልጃችሁ ጋር አማርኛ ማውራት የተዋችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ መልሱለት።

«የካውንቲያችን ሰንጠረዥ ላይ አማርኛ የለም፤ ስለዚህ ተናጋሪ የለም።»
ቆጠራ ቢሮው ከመልሶቹ አጠናቅሮ ለትንንሽ ካውንቲዎች በሚያወጣው አጭር የቋንቋ ሰንጠረዥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ «ሌሎችና ያልተገለጹ» በሚል አንድ መስመር ይጠቃለላሉ።

«ልጄ ታስተረጉምልኛለች።»
የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ማስተርጎም አይፈቀድለትም። ቀጠሮ ሲይዙ ገና ከመጀመሪያው «አማሪክ ኢንተርፕሪተር» ይበሉ። አማርኛ የሚችል ሰው ከተማው ውስጥ ባይኖር እንኳ በስልክ ያገናኙዎታል።