የተከራዩት ቤት ሲበላሽ ጥገናው የማን ነው?

በሐዋሳ ክረምት ሲገባ ተከራይንና አከራይን ከሚያጋጩ ነገሮች አንዱ የሚያፈስ ቆርቆሮ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ በውል ሌላ ካልተስማሙ በቀር ዋናው ጥገና የአከራዩ ነው፤ እንደ በር፣ መስኮትና ቧንቧ ያሉ ጥቃቅን እድሳቶች ግን የተከራዩ ናቸው። ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። የቧንቧው ጎማ ያለቀው በእርጅና ከሆነ፣ ጥገናው ጥቃቅን ቢሆንም ወጪው በተከራዩ ላይ አይወድቅም። የተከራዩ ልጅ በኳስ የሰበረው መስታወት ግን የተከራዩ ዕዳ ነው።

ውል ሲፈርሙ «ማንኛውም ጥገና በተከራይ ይሸፈናል» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ሳያዩ አይለፉ፤ እኔ ብሆን አልፈርምባትም። ጣሪያው ሲያፈስ ፎቶ አንስተው ወዲያውኑ ለአከራዩ በጽሑፍ ያሳውቁ። አሠርተው ከኪራዩ ለመቀነስ ካሰቡም አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ፤ የቆርቆሮውንና የሠራተኛውን ደረሰኝ ይያዙ።