የላይኛውና የታችኛው ዓለም ትሮፕ ምንድን ነው?

ፊልሙ ከጀመረ አንድ ደቂቃ አልሞላውም፤ የተናገረ ሰውም የለም። ካሜራው ከደመና በላይ ከሚያብለጨልጭ የመስታወት ሕንጻ ተነስቶ ቁልቁል ይወርዳል። ድልድዩን፣ ቧንቧውን፣ ጭሱን አልፎ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሽቅብ የሚያንጋጥጥ ልጅ ላይ ያርፋል። ማን ገዢ፣ ማን ተገዢ እንደሆነ ገብቶናል። ልጁ እዚያ ላይ ሳይደርስ ፊልሙ እንደማያልቅም አውቀናል።

እንዲህ ከፊልም ፊልም እየተመላለሰ፣ ማብራሪያ ሳይሰጠው ተመልካች የሚረዳው የአተራረክ ዘዴ ትሮፕ ይባላል። ስሙ ሲነሳ «የተበላ ዕቁብ» የሚመስላቸው አሉ፤ የሚበላው ግን ዳይሬክተሩ ሲሰንፍበት ነው። ይኸኛውን አዘውትረው የሚጠቀሙበት የዲስቶፒያ ፊልሞች ናቸው፤ ከዛሬ ችግሮች አንዱን መዝዘው፣ እስከ ጥጉ ገፍተው፣ ክፉ ነገን የሚያሳዩት።

ሐሳቡ በቋንቋችንም አለ። «የበላይ»፣ «የበታች» እንላለን፤ «ትእዛዙ ከላይ ነው» ሲባል ቀና ብሎ ጣሪያውን የሚያይ የለም። ትሮፑ ይህንን አነጋገር ቃል በቃል ወስዶ ከተማ ይገነባበታል።

በሲኒማ ቀድመው ከገነቡት አንዱ የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927 በጀርመን ለእይታ የበቃ ድምፅ አልባ ፊልም። ጌቶቹ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ላይ ይኖራሉ፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ሠራተኞች ከመሬት በታች። ፈረቃ ሲቀየር ሠራተኞቹ ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እኩል እየረገጡ ይገባሉ፤ ሊፍቱም ይዟቸው ቁልቁል ይሰምጣል። ድምፅ የሌለው ፊልም ጭቆናን በንግግር ማስረዳት አይችልምና ሊፍቱ ንግግሩን ተካው።

አክሽን ፊልም ከዚህ ትሮፕ ጋር የተቆራኘበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሥርዓት በቡጢ አይመታም፤ ሕግን አባሮ መያዝ አይቻልም። ደረጃ ግን ይወጣል፣ በር ይሰበራል። ሥልጣን አናት ላይ ከተቀመጠ፣ ፍትሕ በእግር የሚደረስበት ርቀት ይሆናል። አክተሩ እየተደባደበ ይወጣል፤ እኛም ስንት ፎቅ እንደቀረው እየቆጠርን እንከተለዋለን።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ኤሊዚየም» ርቀቱን እስከ ጠፈር ወስዶታል፤ ሀብታሞቹ ማንኛውንም በሽታ የሚፈውስ አልጋ ይዘው ሰማይ ላይ፣ ሌላው ሕዝብ ምድር ላይ። መጨረሻው ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። አክተሩ ሕይወቱን ይከፍላል፣ እሺ፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሳ ሁሉም ሰው ዜጋ ሆኖ ይመዘገብና ነገሩ አለቀ። ያን ሁሉ ዘመን የገዛ ሥርዓት እንዲህ በቀላሉ እጅ ይሰጣል?

በዚያው ዓመት ደቡብ ኮሪያዊው ዳይሬክተር ቦንግ ጁን ሆ «ስኖውፒርሰር»ን ይዞ መጣና ሕንጻውን በጎኑ አስተኛው። ዓለም በረዶ ሆኗል፤ የተረፉት በአንድ ረጅም ባቡር ላይ ናቸው፤ ድሆቹ ጭራው ላይ፣ ባለጸጎቹ ወደ ፊት። ጭራው መስኮት የለውም። የጭራው አመፅ መሪ ኩርቲስና ጓደኞቹ በር ሰብረው ወደ ፊት ሲገፉ መስኮት ያለው ፉርጎ ይደርሳሉ፤ ከ17 ዓመት በኋላ የውጪው ብርሃን ዓይናቸውን ያጭበረብረዋል። የወጡት «ደረጃ» ስንት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር የለም።

(ፊልሙን ያላያችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) ኩርቲስ ሞተሩ ዘንድ ሲደርስ የባቡሩ ጌታ ዊልፎርድ አይዋጋውም። አመፁ የባቡሩን ሕዝብ ለመቀነስ ከጭራው ሽማግሌ ጋር የተመከረበት መሆኑን ይነግረዋል፤ ከዚያም ቦታዬን ተረከበኝ ይለዋል። ትሮፑ ሁለተኛ አንጓ ያለው እዚህ ነው፦ ላይ የደረሰ ሰው ላዩን ያፈርሰዋል ወይስ ይቀመጥበታል?

ሰነፎቹ ፊልሞች የሚረሱት መሃሉን ነው። ጌታና ባሪያ ብቻ ይታዩናል፤ ምግቡን የሚያበስለው፣ ዘቡ፣ መምህሩ የት እንደሚኖሩ አይነገረንም። «ስኖውፒርሰር» ውስጥ መሃል ላይ ደማቅ ቀለም የተቀባ የመማሪያ ክፍል አለ። ሕፃናቱ ስለ ዊልፎርድ ደግነት በአንድ ድምፅ ይዘምራሉ፤ ነፍሰ ጡሯ መምህርት ፈገግ ብላ ታጅባቸዋለች። ትንሽ ቆይታ መሣሪያ ታወጣለች።