ፊውቸር ፐርፌክት ምንድን ነው? «ዊል ሀቭ» የሚገባው መቼ ነው?

ጎንደር ላይ የከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ይወርዳሉ። የቀሃ ወንዝ ውኃ ግን ወደ ገንዳው የሚገባው አስቀድሞ ነው። ይህን በታኅሣሥ ሆነን በእንግሊዝኛ ስንናገር «ባይ ዘ ታይም ዘ ታቦትስ አራይቭ፣ ዘ ወርከርስ ዊል ሀቭ ፊልድ ዘ ፑል» እንላለን፤ ታቦታቱ እስኪደርሱ ሠራተኞቹ ገንዳውን ሞልተው ይጠብቃሉ። ፊውቸር ፐርፌክት ይኸው ነው፦ ወደፊት ያለ አንድ ሰዓት ወስዶ፣ እሱ ሳይደርስ ስለሚያልቅ ሥራ መናገር።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ «ዊል»፣ «ሀቭ»፣ ከዚያ የግሡ ቪ ስሪ (ሦስተኛው መልክ)። ባለቤቱ «ሂ» ቢሆንም «ሀዝ» አይገባም። «ዊል ሀቭ ዌንት» ስሕተት ነው፤ ልኩ «ዊል ሀቭ ጎን» ነው።

ብዙ ተማሪ «ባይ ዘ ታይም ዘ ታቦትስ ዊል አራይቭ» ብሎ ይጽፋል። ስሕተት ነው፤ ልኩ «ባይ ዘ ታይም ዘ ታቦትስ አራይቭ» ነው። ምክንያቱ በገዛ አፋችን አለ። «እስኪደርሱ» እንላለን እንጂ «እስኪደርሳሉ» አንልም። አማርኛ እዚያ ቦታ ላይ በ«ይደርሳሉ» መጨረሻ ያለውን «አለ»ን እንደሚጥል ሁሉ፣ እንግሊዝኛም «ዊል»ን ይጥላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «እስከ» ነው። እኛ በአንድ ቃል የምንለውን እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል። «እስከ 10 ሰዓት እጠብቃለሁ» ሲባል መጠበቁ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ስለዚህ «አይ ዊል ዌይት አንቲል ፎር»። «እስከ 10 ሰዓት ደብዳቤውን እጨርሳለሁ» ግን «አይ ዊል ሀቭ ፊኒሽድ ዘ ሌተር ባይ ፎር» ነው። መለያው፦ «እስከ»ን አውጥታችሁ «ከ10 ሰዓት ሳያልፍ» የሚለውን ተኩበት። ትርጉሙ ካልተዛባ «ባይ» ነው። የእኛ 10 ሰዓት የእነሱ 4 መሆኑም አይረሳ።

የሚያልቅበት ወሰን ከሌለ ይህን መልክ አትጠቀሙ። «ነገ አዘዞ እሄዳለሁ» ለማለት «አይ አም ጎይንግ ቱ አዘዞ ቱሞሮው» ይበቃል።

«ዊል ሀቭ» ላለፈ ነገር ግምትም ያገለግላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የተነሣ ሚኒባስ ቢኖርና ሰዓቱ 4 ቢሞላ፣ በመንገዱ ላይ ስላለችው አዲስ ዘመን ከተማ «ዘ ሚኒባስ ዊል ሀቭ ሪችድ አዲስ ዘመን ባይ ናው» እንላለን። ይህን «ደርሶ ይሆናል» ብሎ መተርጎም ያላላዋል፤ የሚቀርበው «ሳይደርስ አይቀርም» ነው። በርግጥ ከተጠራጠርን፣ «ደርሶ ይሆናል» ለማለት «ሜይ ሀቭ ሪችድ» አለ።